ታካሚው አልዋሸም፦ ስለ ሕክምና መዝገባችን ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሆስፒታል ሠራተኞች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የሚያወራው ስለ ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ነው። በተለይ የታካሚው ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና ስልክ ምን ያህል በትክክል እንደሚመዘገቡ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይነሳም። ጸሐፊውን ስላነሱት አመሰግናለሁ። በመልሳቸው ግን አልስማማም።

ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። አንደኛ፣ መረጃው የሚበላሸው ታካሚዎች ስለሚዋሹ ነው። ሁለተኛ፣ ስምና አድራሻ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ሕክምናውን አይነካም። ሦስተኛ፣ ሁሉም ሣጥን ካልተሞላ ሲስተሙ አላሳልፍ ቢል ጥራቱ በራሱ ይመጣል። አራተኛ፣ ያደጉት አገሮች ይህን ችግር ፈትተውታል፤ እኛም ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያውን፣ ፋይዳን፣ አገናኝተን «ፋይዳ የሌለው ካርድ አይውጣለት» ካልን አለቀ። አምስተኛ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ቀርቶ ታካሚው ራሱ በማሽን ይመዝገብ።

እኔ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁንም ሥራዬ ከዚያው መዝገብ ጋር ነው። በየነጥቡ ልመልስ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው።

ስሙን ቀይሮ የሚመዘገብ ታካሚ አለ፤ አልክድም። ግን ማን እንደሆነ እንይ። አንዱ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሲገባ ጎረቤት እንዳያየው ብሎ ከተማውን አቋርጦ ይመጣል። እኛ ደግሞ ኮሪደር ላይ ቆመን ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብለን እንጠራለን። ሌላዋ የጤና መድን የሌላት እናት ናት። የእህቷን የመድን ደብተር ይዛ ትመጣለች። ስሟን የደበቀችው ለመታከም ነው። ሁለቱንም «ውሸታም» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ መዝገቡ ግን በዚህ አይስተካከልም። ለመጀመሪያው መፍትሔው ስሙን በአደባባይ አለመጥራት ነው። በተራ ቁጥር መጥራት ይቻላል፤ የሚያስወጣው ነገር የለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የታካሚን የግል መረጃ መጠበቅ ለታካሚ የምናደርገው ውለታ መሆኑ ቀርቷል፤ የሕግ ግዴታ ነው። ለሁለተኛዋ መፍትሔው መድኑ እሷንም እንዲደርስ ማድረግ ነው።

የሚበዛው ስህተት ግን ከእነዚህ ሰዎች አይመጣም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። የሚመጣው ከአጠያየቃችን ነው።

ዕድሜን እንውሰድ። «ዕድሜዎ ስንት ነው እማማ?» እንላለን። «አርባ ቢሆነኝ ነው ልጄ» ይላሉ። እኛም 40 ብለን እንጽፋለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲመጡም አርባ ይላሉ። ይህ ውሸት ነው? በ1987ም ሆነ በ1999 በተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ ሰው ተከምሮ ይታያል። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ፣ አርባ አምስት። ሰው የልደት ቀኑን በወረቀት ባልያዘበት አገር እንዲህ ነው የሚሆነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ነው፤ ቁጥሩ 760 ነው። በመላ አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው ደግሞ በሐምሌ 2008 መጨረሻ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ታዲያ እኚህ እናት የቱን ወረቀት አይተው ይንገሩን?

በደንብ የጠየቀ ሰው ግን ወደ እውነቱ ይጠጋል። «የ77ቱ ድርቅ ሲመጣ አግብተው ነበር ወይስ ገና ልጅ ነበሩ?» «ደርግ ሲወድቅ ትምህርት ቤት ነበሩ?» ለቆጠራ የወጡ ሰዎች ይህን ዘዴ ያውቁታል። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። አርባ የተባለው አርባ ስድስት ሆኖ ይወጣል። ሲስተሙ ደግሞ «ግምት ነው» ብሎ የሚጻፍበት ቦታ ቢኖረው ሐኪሙም አይታለልም። ብዙ ጊዜ ግን ቦታው የለም። ቀን፣ ወርና ዓመት ካልሞላህ አያልፍም።

ስምም እንዲሁ ነው። «አልማዝ ከበደ ነዎት?» ብለን እንጠይቃለን። የታመመ ሰው «አዎ» ይላል። ሰው ሲጨንቀው፣ ጆሮው ሲከብድ፣ ወረፋው ከኋላ ሲገፋው ለምንም ነገር «አዎ» ይላል። አገሩ ደግሞ በሞክሼ የተሞላ ነው። በአንድ ቀን ሦስት አልማዝ ከበደ ሊመጡ ይችላሉ። የሌላዋ ካርድ ይከፈታል፤ የደም ግፊቱም፣ የላቦራቶሪው ውጤትም እዚያ ላይ ይጻፋል። መጠየቅ ያለበት «ስምዎ ማን ይባላል? የአባትዎስ? የአያትዎስ?» ተብሎ ነው። ስሙን የሚናገረው ታካሚው መሆን አለበት፤ የእኛ ሥራ መስማትና ማመሳከር ነው። በዓለም አቀፍ የታካሚ ደኅንነት አሠራርም ታካሚን ቢያንስ በሁለት መለያ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ለምሳሌ በስምና በልደት ቀን። የአልጋ ቁጥር ለዚህ አያገለግልም።

አጻጻፉ ሌላ ጣጣ አለው። በአማርኛ ለምንመዘግበው እንኳ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ በኮምፒዩተር ዓይን አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኃይሉና ሀይሉ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ዓለምና አለምም እንደዚያው። አንዱ ሠራተኛ በአንዱ ሀ ይመዘግባል። ሌላው በሌላው ሀ ይፈልጋል። ስሙን ሲያጣው አዲስ ካርድ ያወጣል። በላቲን ፊደል የሚመዘገብበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። ጽጌን አንዱ በ«ቲ ኤስ» ይጀምረዋል፤ ሌላው በ«ቲ ዜድ»። ገብረ መድኅንን አንዱ አጋጥሞ ይጽፈዋል። ሌላው ለያይቶ «ገብረ»ን ስም፣ «መድኅን»ን የአባት ስም ያደርገዋል። የእውነተኛው አባት ስም የአያት ሣጥን ውስጥ ይገባል። የአያቱ ስም ከነጭራሹ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ታካሚው ምን አጠፋ? ስሙን በትክክል ተናግሯል።

ይህ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ሲፈለግ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቁጠር ብሎ ሲስተሙን ማዘዝ ለፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም። የተጻፈው እንዳለ ይቀመጣል፤ ፍለጋው ብቻ ይሰፋል። ጸሐፊው ታካሚውን ከሚወቅሱ ይህን ቢጠይቁልን ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ «የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ሕክምናውን አይነካም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሰው ይጎዳበታል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። በ1955 ዓ.ም. የተወለደ ሰው አለ እንበል። በ2017 ዓ.ም. ዕድሜው 62 ነው። መዝጋቢው የሰጠውን ዓመት እንዳለ በፈረንጅ ካላንደር ሣጥን ውስጥ አስገባው። ሲስተሙ 1955ን የፈረንጅ አድርጎ ሲቆጥር እ.ኤ.አ. በ2025 ሰውዬው 70 ዓመቱ ነው። ስምንት ዓመት በአንድ ቁልፍ ጨመረ። ሰውዬው 60 ኪሎ ይመዝናል። የኩላሊትን ሥራ ለማየት በደም ምርመራ የሚለካው ክሪያቲኒን 1.2 ነው። ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚያጣራ በተለመደው የኮክሮፍትና የጎልት ቀመር እናስላ። ከ140 ላይ ዕድሜውን ቀንስ፣ በክብደቱ አባዛ፣ ከዚያ ለ72 እና ለክሪያቲኒኑ ብዜት አካፍል። በትክክለኛው ዕድሜ 54 ገደማ ይመጣል። በተሳሳተው ዕድሜ ከ49 በታች ይወርዳል። 50 ደግሞ ተራ ቁጥር አይደለም። በኤች አይ ቪ ሕክምና በብዛት የምንጠቀምበት ቴኖፎቪር ይህ ውጤት ከ50 በታች ሲሆን አወሳሰዱ ይቀየራል ወይም መድኃኒቱ ይተካል። ኩላሊቱ ምንም ሳይሆን፣ በካላንደር ምክንያት ብቻ የሰውዬው መድኃኒት ተቀየረ። ጾታውም በስህተት «ሴት» ተብሎ ከሆነ ውጤቱ በ0.85 ይባዛና ጭራሽ ወደ 41 ይወርዳል። ደስታ የሚባል ስም ያየ መዝጋቢ ቀና ብሎ ሳያይ ቢሞላው ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

ሕፃናት ላይ ይብሳል። ጥር 2016 የተወለደች ልጅ በፈረንጁ 2016 ተብላ ከገባች ሲስተሙ የስምንት ዓመት ልጅ ያደርጋታል። የፔንታ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። የኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህን የሚያስታውስ ሲስተም የለም። ቀርታለች ብሎ የሚፈልጋትም የለም።

ስህተቱ ስምንት ዓመት መሆን የለበትም፤ ስድስት ወርም ይበቃል። ቁመቱ 83 ሴንቲሜትር የሆነ ወንድ ልጅ እንውሰድ። በዓለም የጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ፣ ዕድሜው 24 ወር ከሆነ ከመቀንጨር መስመር በላይ ነው። 30 ወር ተብሎ ከተጻፈ ግን የቀነጨረ ይባላል። ልጁ ያው ነው። ቁመቱም ያው ነው። የተቀየረው እናቱ «ሁለት ዓመት አልፎታል» ስትል እኛ የጻፍነው ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ተደምሮ ነው ለወረዳው አልሚ ምግብ የሚመደበው።

ውጭ አገር ያላችሁም ይህ ይነካችኋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የኩላሊት ሥራን ለመገመት ብዙ ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ቀመር መዝገቡ ላይ «ጥቁር» ለተባለ ሰው ውጤቱን በ1.159 ያባዛው ነበር። ዋሽንግተን ያለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሪሴፕሽን ላይ በተሞላ አንድ ምልክት ምክንያት ኩላሊቱ በ16 በመቶ ገደማ የተሻለ መስሎ ይታይ ነበር። ለስፔሻሊስት የሚላክበት ጊዜ በዚያው ይዘገያል። ይህ ማባዣ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2021 በተሻሻለው ቀመር ነው። ለዓመታት የሰዎች ሕክምና የተወሰነው «የአስተዳደር ጉዳይ ነው» በተባለች አንዲት ሣጥን ነበር።

አንድ ሰው ሁለት ካርድ ሲኖረው የሚሆነውንም ላንሳ። በአንዱ ካርድ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ተጽፏል። በሌላው ላይ የለም። ድንገተኛ ክፍል የተከፈተው ሁለተኛው ነው። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ሦስተኛው ነጥብ ላይ፣ «ሁሉም ሣጥን ይሞላ» በሚለው ላይ፣ ሐሳባቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የመረጃ አብዮት በጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ውስጥ ከገባበት ከ2008 ጀምሮ የሙላት ቁጥር፣ ማለትም ከሣጥኖቹ ስንት በመቶው እንደተሞሉ፣ በየስብሰባው ይቀርባል። 98 በመቶ፣ 99 በመቶ። ደስ ይላል። ግን ሣጥን መሙላትና እውነት መጻፍ ይለያያሉ።

ስልክ የሌላቸው አባት መጡ። ሲስተሙ ስልክ ካልሞላህ አያልፍም። ከኋላ ወረፋው ወደ ሃምሳ ሰው ነው። ሠራተኛው ምን ያደርጋል? 09 ብሎ ስምንት ዜሮ ይደረድራል። ወይም የራሱን ስልክ ይሞላል። ሣጥኑ ሞላ። ሪፖርቱ አማረ። የአክታ ምርመራው ቲቢ እንዳለባቸው ሲያሳይ ግን የሚደወልበት የለም። ባዶ ቢሆን ኖሮ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያየው ነበር። «ስልክ የላቸውም፤ በልጃቸው ስልክ ይገኛሉ» የሚል ምርጫ ቢኖርማ ልጃቸው ጋ ይደወል ነበር። የስልኩ ባለቤት ማን እንደሆነ መጻፍ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የጎረቤት ስልክ ላይ ደውሎ ውጤት የሚናገር ሰው ምን እንደሚያደርስ ለማንም አይጠፋም።

አድራሻም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ሰው የቤት ቁጥር ሲጠየቅ «አዲስ» ይላል? ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ነዋ። ሲስተሙ አሃዝ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሠራተኛው 999 ይሞላል። በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲመሠረት ደግሞ ከቤታቸው ሳይንቀሳቀሱ አድራሻቸው የተቀየረ ሰዎች አሉ። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከሌላም ሰፈር ተነስተው ሌላ ቦታ የገቡም አሉ። መዝገቡ ላይ አሁንም የድሮ ሰፈራቸው ነዋሪዎች ናቸው። አድራሻ አንዴ ተሞልቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በየጊዜው «አሁንም እዚያው ነዎት?» ተብሎ ካልተጠየቀ ያረጃል።

ጸሐፊው ጥራቱ በየወሩ ይፈተሻል ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ይፈተሻል፤ እኔም ፈትሻለሁ። በናሙና 12 የመረጃ ዓይነቶችን ወስደን ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር እናመሳክራለን። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን የሚያመሳክረው ወረቀትን ከወረቀት ጋር ነው። መዝገቡ ራሱ ከተሳሳተ ሁለቱም ይስማማሉ፤ ፈተናውንም ያልፋሉ። ታካሚውን ጠይቆ መዝገቡን ያመሳከረ ግን አላየሁም። አሥራ ሁለት ታካሚ መውጫው በር ላይ አስቁሞ «እዚህ የተጻፈው ስምዎ፣ ዕድሜዎ፣ ስልክዎ ልክ ነው?» ማለት ግማሽ ቀን አይፈጅም።

አራተኛው ነጥብ፦ ያደጉት አገሮች ፈትተውታል፤ ፋይዳ ይበቃል።

አልፈቱትም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው ልዩ የጤና መለያ ቁጥር እንዲሰጥ አዝዛ ነበር። ኮንግረሱ ግን የግል ምስጢር ስጋት ተነስቶ ከ1998 ጀምሮ የጤና መሥሪያ ቤቱ ለዚህ ሥራ ገንዘብ እንዳያወጣ በበጀት ሕጉ ውስጥ ከለከለ። ስለዚህ እስካሁን ብሔራዊ የታካሚ ቁጥር የላቸውም። ሆስፒታሎቹ ልክ እንደኛ ስምን፣ የልደት ቀንን፣ ጾታንና አድራሻን እያገናኙ ነው ሰውን ከመዝገቡ ጋር የሚያዛምዱት። የታካሚ አድራሻ እንዴት እንደሚጻፍ ወጥ መመሪያ ያወጡት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እንግሊዞች ቁጥር አላቸው፤ የጤና አገልግሎታቸው ለእያንዳንዱ ሰው 10 አሃዝ ይሰጣል። ሆኖም አንድ ሰው ሁለት ቁጥር ይዞ ሲገኝ፣ ወይም የሁለት ሰው መረጃ አንድ ቁጥር ላይ ሲደባለቅ የሚያጠራ ክፍል ዛሬም አላቸው። ቁጥሩ ሥራውን አቀለለ እንጂ አላስቀረውም።

እዚያ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ደግሞ ይህን በራሳቸው ያውቁታል። በስደት ሄደው የልደት ቀናቸው በሰነድ ያልታወቀ ብዙዎች «ጃንዋሪ 1» ተብለው ተመዝግበዋል። ባል፣ ሚስትና ልጆች የመጨረሻ ስማቸው ስለሚለያይ እናት የልጇን ውጤት ስትጠይቅ «ምኑ ነሽ?» ትባላለች። ሲስተሙ ቤተሰብ ሁሉ አንድ የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ነው የተሠራው። ቋንቋ የሚለው ሣጥን ላይ «እንግሊዝኛ» ተብሎ ከተሞላ አስተርጓሚ አይጠራም። አማርኛ በዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ አገልግሎት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው፤ መብቱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሕግ አለ። መዝገቡ ላይ ካልተጻፈ ግን ነርሷ አታውቅም። ቀጠሮ ስትይዙ ይህችን ሣጥን አስነብቡ፤ ልክ ካልሆነች አስቀይሩ።

ወደ ፋይዳ ልመለስ። እኔ ፋይዳን እደግፋለሁ። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያቋቋመው 12 አሃዝ ቁጥር፣ ከአሻራና ከዓይን ምስል ጋር፣ ሞክሼን ለመለየት ያለንን ሁሉ ይበልጣል። ሦስቱ አልማዝ ከበደዎች ሦስት ቁጥር ይኖራቸዋል። ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። የሚነግረን ግን ሰውየው ያው ሰው መሆኑን ነው። ዕድሜው ትክክል መሆኑን አይነግረንም። ፋይዳ ላይ ያለው የልደት ቀን ለብዙ ሰው የመጣው ከቀበሌ መታወቂያ ነው። የቀበሌ መታወቂያው ደግሞ የመጣው «አርባ ቢሆነኝ ነው» ከሚል አፍ ነው። አድራሻውም የተመዘገበ ዕለት የነበረበት ነው።

ፋይዳ የማይደርስላቸው ታካሚዎችም አሉ። በመኪና አደጋ ራሱን ስቶ የመጣ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው። ዛሬ ሌሊት የተወለደች ሕፃን። ስለ ሕፃናት ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ እኛ የምናስተምረው ነገር አለንና። አሜሪካ በብዙ ሆስፒታል አዲስ የተወለደ ልጅ «ወንድ ሕፃን» ወይም «ሴት ሕፃን» ተብሎ ከቤተሰብ ስሙ ጋር ብቻ ይመዘገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኒውዮርክ ጥናት በስያሜው ላይ የእናትየዋ ስም ሲጨመር ለሌላ ሕፃን የሚሄድ የተሳሳተ ትእዛዝ ከሲሶ በላይ መቀነሱን አሳየ። እኛ ዘንድ «የእገሊት ልጅ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። የእኛ ችግር ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ክትባት ሲመጣ «ማሙሽ» ይባላል። በአርባ ቀኑ የክርስትና ስም ይወጣለታል። ትምህርት ቤት ሲገባ ሌላ ስም ይኖረዋል። «የእገሊት ልጅ» የሚለውን መዝገብ ከማሙሽ ጋር የሚያገናኘው የእናትየዋ ካርድ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር በልጁ መዝገብ ላይ ከተጻፈ ማለት ነው። ይህን ለመጻፍ ፋይዳ መጠበቅ አያስፈልግም።

«ፋይዳ የሌለው ካርድ አይውጣለት» የሚለውን ግን በጭራሽ አልቀበልም። ያ ደንብ መዝገቡን የሚያጠራው ሰው በማባረር ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ከገጠር ታማ የመጣች እርጉዝ ናት። ሁለተኛ የሚቀረው ያ ስሙ እንዳይታወቅ የፈራው ሰው ነው፤ መድኃኒቱን ያቋርጣል።

አምስተኛው፣ ማሽን ይመዝግብ የሚለው፣ ብዙ አያከራክርም። የታመመ ሰው፣ ያውም ዓይኑ የደከመ ወይም ያልተማረ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስክሪን ፊት ቆሞ የልደት ቀኑን በፈረንጅ ካላንደር ይሙላ ማለት ነው። በደንብ የሚጠይቅ ሰው ማስፈለጉን ከላይ አሳይቻለሁ። በእርግጥ ስማርት ስልክ ለለመደ ወጣት አማራጭ ሆኖ ቢቀርብ አልቃወምም።

ስለ መስኮቱ ሠራተኛ ግን የምለው አለኝ። ጸሐፊው «ጥራት የማያውቁ» ይሏቸዋል። በብዙ ቦታ ሠራተኛው የሚሰጠው ሥልጠና የሲስተሙ አዝራሮች የት እንዳሉ ነው። ሰውን እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ማንም አያሳየውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ወረፋው ግቢው ድረስ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። ያኔ በወረቀት ይመዘግብና ማታ ደክሞት፣ ታካሚው በሌለበት፣ የራሱን ጽሑፍ እያነበበ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል። ያኔ 7 ቁጥር 1 ይሆናል፤ ሰኔ ሐምሌ ይሆናል። ስህተቱን የሚያርም ታካሚ አጠገቡ የለም። ሁሉም ሆስፒታል ዕለቱኑ ሊያደርገው የሚችል አንድ ነገር አለ። ስክሪኑን ወደ ታካሚው አዙሩት። ማንበብ የሚችል ያንብበው፤ ለማይችል ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንብብለት። «እማማ፣ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ልክ ነው?» እርማት ያለው ያኔውኑ ይናገራል። ከዚህ የረከሰ የጥራት ቁጥጥር አላውቅም።

በመጨረሻ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። እሳቸው የሚሠሩበት ሆስፒታል መዝገብ የልደት ቀን ሣጥኑ መቶ በመቶ የተሞላ መሆኑን ጽፈዋል። ዕድሜ ብቻ ሲነገራቸው ብዙ ሲስተሞች ቀኑን ራሳቸው «ጃንዋሪ 1» ብለው ይሞላሉ። ያ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ነው። እባክዎ መዝገቡን ይክፈቱና በእነዚህ ሁለት ቀናት የተወለዱ ታካሚዎች ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ። የሌሎቹን ቀናት አማካይም አብረው ያውጡ። ሁለቱን ቁጥሮች ቢያሳትሙ ውይይታችንን ከዚያ እንቀጥላለን።